ስድስት መሣሪያ፣ አንድ ባትሪ፦ ርካሹ ሣጥን ያዋጣል?

በቅርቡ ከፋኩልቲያችን የተመረቁ ሦስት ወጣቶች ወደ ቢሯችን መጥተው ነበር። ተደራጅተው የብረት በርና መስኮት ለመሥራት ወስነዋል፤ ከመካከላቸው ለአንዷ ዕቁብ ወጥቶላታል። በስልካቸው ያሳዩን ፎቶግራፍ አንድ ጥቁር ሣጥን ነው። በውስጡ ድሪል፣ ግራይንደር፣ አነስተኛ መጋዝ፣ የእንጨት ማለስለሻ፣ የብሎን መፍቻና መብራት ተደርድረዋል። ስድስቱም ያለ ገመድ የሚሠሩ ሲሆኑ ስድስቱም የሚጋሩት አንድ ባትሪ ነው። ዋጋው ደግሞ ስመ ጥር ከሆነ ፋብሪካ አንድ ድሪል ብቻ ከሚገዛበት ያነሰ ነው። «መምህር፣ ፊዚክስ ያስተማሩን እርስዎ ነዎት፤ ያዋጣናል ወይስ ገንዘባችንን ይበላብናል?» ሲሉ ጠየቁን።

ጥያቄው ከፈተና ጥያቄ ይከብዳል፤ የተሳሳተ መልስ የሚያስቀንሰው ማርክ ሳይሆን የአንድ ዓመት ቁጠባ ነውና። እኛም ብንሆን በጉዳዩ ላይ ንጹሕ አልነበርንም። ከሁለት ዓመት በፊት ለቤተ ሙከራችን ተመሳሳይ ሣጥን ገዝተን ነበር። ድሪሉ ጠረጴዛና መደርደሪያ ለመጠገን ደኅና አገለገለን። ግራይንደሩ ግን ገና የመጀመሪያውን ቱቦላሬ ቆርጦ ሳይጨርስ እየዘገመ ሄዶ ቆመ፤ ባትሪው እጅ እስኪያቃጥል ግሎ ነበር። በስምንተኛው ወር ባትሪው ጨርሶ ሞተ። ምትክ ብንፈልግ ሞዴሉ ተቀይሯል ተባልን። ስለዚህ ስድስት ጤነኛ መሣሪያዎች በአንድ ቀን ከጥቅም ውጭ ሆኑ። ለመሆኑ ይህ ለምን ሆነ? መልሱ የሚገኘው በባትሪው ውስጥ ነው።

ገመዱ የተቆረጠው መቼ ነው?

ገመድ አልባ መሣሪያን የፈጠረው የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ ነው የሚል ወሬ በሰፊው ይነገራል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ብላክ ኤንድ ዴከር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ገመድ አልባ ድሪል ይዞ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1961 ነበር። ናሳ ደንበኛ ሆኖ የመጣው ከዚያ በኋላ ሲሆን፣ በ1971 የአፖሎ 15 ጠፈርተኞች የጨረቃን አፈር የቆፈሩበት መሣሪያ በዚሁ ኩባንያ ተሳትፎ የተሠራ ነው። የጥንቶቹ ገመድ አልባ መሣሪያዎች የኒኬል-ካድሚየም ሴሎችን ይጠቀሙ ነበር። የአንዱ ሴል ቮልቴጅ 1.2 ቮልት ብቻ ስለሆነ ባትሪው ከባድ፣ ጉልበቱ ግን አነስተኛ ነበር። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1991 ለገበያ ያቀረበው የሊቲየም-አዮን ሴል 3.6 ቮልት ገደማ ይሰጣል፤ አንዱ የሦስት ኒኬል-ካድሚየም ሴሎችን ቮልቴጅ ይተካል ማለት ነው። የዚህ ሴል መሠረት የጣሉት ጉዲናፍ፣ ዊቲንግሃምና ዮሺኖ በ2019 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል። ዛሬ ሣጥኑ እንዲህ ሊረክስ የቻለው በሊቲየም ሴል ምክንያት ነው። ዋጋ ለመቀነስ የሚፈልግ አምራች በቅድሚያ የሚቆጥበውም በዚሁ ሴል ላይ ነው።

በሣጥኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር

የቤተ ሙከራችን ሣጥን ላይ በትልቁ «48» ተብሎ ተጽፎ ነበር። የሞተውን ባትሪ በጥንቃቄ ከፍተን ስናየው በተከታታይ የተያያዙ አምስት ሴሎች አገኘን። አምስት ጊዜ 3.6 ቮልት 18 ቮልት ነው። ሴሎቹ ሙሉ በሙሉ ሲሞሉ እያንዳንዳቸው 4.2 ቮልት ስለሚደርሱ ከፍተኛው 21 ቮልት ይሆናል። 48 ቮልት ገደማ ለማግኘት 13 ሴሎች ያስፈልጋሉ፤ እነዚያን የሚይዝ ቦታ ደግሞ በባትሪው ውስጥ አልነበረም። ስለዚህ ቁጥሩ ጌጥ እንጂ ልኬት አይደለም። አንባብያን ግን ባትሪ መክፈትን በቤታቸው እንዳይሞክሩ አደራ እንላለን፤ የተበሳ የሊቲየም ሴል በእሳት ሊያያዝ ይችላል።

ከቮልቱ ይልቅ መታየት ያለበት በትንንሽ ፊደላት የሚጻፈው አምፔር-ሰዓት ነው። የኛው ባትሪ 1.5 አምፔር-ሰዓት ይላል። ይህንን በ18 ቮልት ስናባዛው 27 ዋት-ሰዓት፣ ማለትም 97,200 ጁል እናገኛለን። ይህ ኢነርጂ ብክነት ባይኖር ኖሮ አንድ ኩንታል ሲሚንቶ ወደ 100 ሜትር ከፍታ ማውጣት ይችላል። በእጅ ለሚያዝ ዕቃ ቀላል አይደለም። አንድ ብሎን ለማጥበቅ 200 ዋት ለ3 ሴኮንድ ያስፈልጋል ብንል 600 ጁል ይሆናል፤ በአንድ ቻርጅ 160 ያህል ብሎን እናጠብቃለን። ድሪሉ እኛን ያስደሰተን በዚህ ምክንያት ነው፤ ሥራው አጭር ነው፣ በየመካከሉም ባትሪው ያርፋል።

ሦስት ደቂቃ

የግራይንደር ሥራ ግን ሌላ ጠባይ አለው። ከሶኬት የሚሠራ የ115 ሚሊሜትር ግራይንደር ብዙውን ጊዜ 700 ዋት ገደማ ይወስዳል፤ ብረቱ እስኪቆረጥም ድረስ እረፍት አያውቅም። ባትሪያችን ወደዚህ ለመቅረብ 30 አምፔር ያህል እንዲሰጥ ይገደዳል። 1.5 አምፔር-ሰዓትን ለ30 አምፔር ብናካፍለው የምናገኘው 3 ደቂቃ ነው።

ጣጣው በዚህ አያበቃም። ማንኛውም ባትሪ የውስጥ ሬዚስታንስ አለው። የአምስቱ ሴሎች ድምር 0.2 ኦም ነው እንበል። ድሪሉ 10 አምፔር ሲስብ 2 ቮልት በውስጥ ይቀራል፤ ወደ ሙቀት የሚለወጠውም 20 ዋት ነው። ግራይንደሩ 30 አምፔር ሲስብ ግን 6 ቮልት ይቀራል፤ ሙቀቱ 180 ዋት ይደርሳል። ከረንቱ 3 እጥፍ ሲጨምር ሙቀቱ 9 እጥፍ ጨመረ፤ ሙቀት ከከረንቱ ስኩዌር ጋር ስለሚያድግ ነው። ሞተሩ በ18 ቮልት ፈንታ 12 ቮልት ብቻ ስለሚደርሰው ይዘገያል፤ የተቀረው ኢነርጂ ሴሎቹን ያበስላቸዋል። በየጊዜው እንዲህ የጋለ ሴል ዕድሜው ያጥራል፤ ሬዚስታንሱም እየጨመረ ስለሚሄድ በቀጣዩ ቀን ይበልጥ ይግላል። የኛ ባትሪ በስምንት ወር የሞተውም በዚህ ምክንያት ይመስለናል። ስመ ጥር አምራቾች ከፍተኛ ከረንት ለመስጠት የተሠሩ ሴሎችን ይመርጣሉ፤ ወይም ሴሎቹን በጎን ለጎን በእጥፍ አያይዘው ከረንቱ እንዲከፋፈል ያደርጋሉ። የዋጋው ልዩነት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። የግራይንደር ዲስክ በደቂቃ 11,000 ጊዜ ገደማ ይዞራል፤ የጠርዙ ፍጥነት በሰዓት ወደ 240 ኪሎ ሜትር ነው። መከለያ የሌለው ግራይንደር በሣጥኑ ውስጥ ካለ፣ በነጻ ቢሰጥም አይወሰድ።

ታዲያ ይገዛ ወይስ አይገዛ?

ይህን ሁሉ ለወጣቶቹ በሰሌዳ ላይ ካሳየናቸው በኋላ፣ ገመድ ያላቸውን መሣሪያዎች ብቻ እንዲገዙ መከርናቸው። 220 ቮልት ያለው ሶኬት የማይደክም ባትሪ ነው አልናቸው። ዕቁቡ የወጣላት ልጅ ግን እንዲህ አለችን፦ «መምህር፣ በርና መስኮቱን የምንገጥመው ገና ቆጣሪ ባልገባበት ሕንፃ ላይ ነው። በየትኛው ሶኬት እንብሳ?» ምክራችን ስሌቱን እንጂ ሥራውን አላየም ነበር።

ስለዚህ ሥራውን ለሁለት ከፈልነው። ቆረጣ ረጅምና ከባድ ስለሆነ ኤሌክትሪክ ባለበት ወርክሾፕ፣ በባለ ገመድ ግራይንደር ይሠራል። መብሳትና ማጥበቅ አጭር ስለሆነ በሕንፃው ላይ በገመድ አልባ ድሪል ይከናወናል። ብሎኬት ብዙ አያስቸግርም፤ የኮንክሪት ዓምድ ግን እየመታ የሚበሳ ድሪል ስለሚፈልግ፣ የሚገዛው የዚያ ዓይነቱ ይሁን። ባትሪው ሁለት መሆን አለበት፤ አንዱ ሲሠራ ሌላው ይሞላል። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ እንዲሉ። ከመክፈል በፊትም የባትሪው ምትክ ለብቻው በገበያ መኖሩ ይጠየቅ። ባትሪው ከተገዛ በኋላ በራሱ ቻርጀር ይሞላ፤ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አይተው፤ ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ ግማሽ ያህል ተሞልቶ ይሁን።

ርካሹ ሣጥን ታዲያ ለማንም አይረባም ማለት ነውን? አይደለም። መጋረጃ ለመስቀል፣ የተላቀቀ ማጠፊያ ለማጥበቅ፣ በወር አንድ ቀን መደርደሪያ ለመጠገን የሚፈልግ ሰው ቢገዛው አይጸጸትም። ነገር ግን ሲገዛ ስድስት መሣሪያ ሳይሆን አንድ ድሪልና አንድ መብራት እንደገዛ ይቍጠር፤ በዚያ ሒሳብም ዋጋው የሚያዋጣው ከሆነ ይክፈል። በመሣሪያው እንጀራውን ለሚያበስል ሰው ግን የሣጥኑ ስድስት መሣሪያዎች ከአንድ ጥሩ ድሪል ያነሱ ናቸው።

ወጣቶቹ አንድ ባለ ገመድ ግራይንደርና አንድ ገመድ አልባ ድሪል ከሁለት ባትሪ ጋር ገዙ። ዕቁቡ ለሌላ መሣሪያ አልተረፈም፤ ለሦስት የዓይን መከላከያ መነጽር ግን በቅቷል። የመጀመሪያውን በር ከገጠሙ በኋላ ልጅቷ ስልክ ደውላ፣ ስሌታችን ሁለተኛውን ባትሪ ለመሙላት የሚወስደውን ጊዜ እንደዘነጋ ነገረችን። እውነቷን ነው፤ አሁን በየማታው ሁለቱንም ሞልተው ይወጣሉ።