ከማክሰኚት እስከ ጉባ፦ የኢንጂነር ስመኘው በቀለ የሥራ ዘመን

መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ ሶሌታ የሚሞላበት ቀን የባለቤቱ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ቤቶኔራው ማለዳ መጮህ ሲጀምር ጎረቤት ይወጣል፣ ለሠራተኛው ምሳና ቡና ይሰናዳል፣ ሕፃናት አሸዋው ላይ ይፈነጫሉ። የዓመታት ቁጠባ፣ ብዙ ጊዜም ዐረብ አገር ያለች ልጅ ከደመወዟ እየቀነሰች የላከችው ገንዘብ፣ በአንድ ቀን ሲሚንቶና ውሃ ሆኖ ይፈሳል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የቤተሰቡ ነው። ጠዋትና ማታ ውሃ ማጠጣት፣ ቢያንስ ለሰባት ቀን። የደጋው ነፋስና ፀሐይ ቀድመው ካደረቁት ሶሌታው ይሰነጠቃል፤ ገንዘቡም አብሮ።

“አርማታ” የሚለው ቃላችን ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን “የታጠቀ” እንደ ማለት ነው። ትጥቁ ፌሮው ነው። ሲሚንቶ፣ አሸዋና ጠጠር ተዋህደው ሲጠነክሩ የላይ ሸክም ይችላሉ፤ ሲጎተቱ ግን ቶሎ ይበጠሳሉ። መጎተቱን የሚችለው ብረቱ ነው። ከግንበኝነት የተነሣው ፈረንሳዊ ፍራንሷ ሄነቢክ እ.ኤ.አ. በ1892 በዚህ ዘዴ የፈጠራ መብት አወጣ። ኮለኑን፣ ቢሙንና ሶሌታውን አንድ አካል አድርጎ ማሠራቱም በዓለም ተዳረሰ። ዛሬ በመካነ ሰላም የሚቆመው ፎቅ ሁሉ የዚያ ዘዴ ልጅ ነው።

ከከተማዋ ወደ ጉንደወይን የሚወስደው መንገድ ወደ ምዕራብ ቁልቁል ወርዶ ዓባይን ያገኛል። ወንዙ ቦረናን ከጎጃም ይለያል። ከጣና የወጣው ውሃ ነው፤ በወሎ በኩል ደግሞ በሽሎና ወለቃ ይቀላቀሉታል። ያ ሁሉ ውሃ በመጨረሻ ጉባ ላይ አንድ ትልቅ ግንብ ይጠብቀዋል። ግንቡ እየተነሣ ባለባቸው ሰባት ዓመታት ሥራውን በአስተዳዳሪነት የመሩት ኢንጂነር ስመኘው በቀለም ከዚሁ ውሃ መነሻ ናቸው፤ የተወለዱት በጣና ተፋሰስ፣ ጎንደር ማክሰኚት ውስጥ ነው።

ስለ እሳቸው ሲወራ ወሬው ሁልጊዜ ከአንድ የሐምሌ ጠዋት ይጀምራል። እኔ ከሥራቸው ልጀምር። እንዴት እንደሞቱ የሚከራከር ሰው ብዙ ነው፤ ምን እንደሠሩ የሚነግርህ ግን ጥቂት ነው።

በ1957 ዓ.ም. ተወለዱ። በ1978 ዓ.ም. የመብራት ኃይል ባልደረባ ሆኑ፣ ሲቪል ምህንድስና ተማሩ፣ በመሥሪያ ቤቱ ማሠልጠኛም አስተማሩ። የማስተማሩ ጊዜ ከሰውየው አልወጣም። በኋላ ጉባ ላይ ለተማሪም፣ ለአርቲስትም፣ ለሃይማኖት አባትም፣ ለጋዜጠኛም ቆባቸውን እንዳደረጉ ግድቡን ሲያስረዱ በቴሌቪዥን ያየናቸው ሁሉ መምህር ነበሩ።

የመስክ ትምህርታቸው ጊቤ ነው። መጀመሪያ 184 ሜጋ ዋት በሚያመነጨው በግልገል ጊቤ አንድ ሠሩ፤ ቀጥሎ ግልገል ጊቤ ሁለትን መሩ። ይኸኛው አዲስ ግድብ የለውም። ከጊቤ አንድ የሚወጣው ውሃ 26 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆን ዋሻ ተራራውን ሰንጥቆ ወደ ኦሞ ሸለቆ ይወርዳል፤ 420 ሜጋ ዋትም ይሰጣል። በወረቀት ሲታይ ቀላል ነበር። በ1999 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ግን ከተራራው ሆድ የፈነዳ ጭቃ ግዙፉን መቆፈሪያ ማሽን ወደ ኋላ ገፍቶ አጣብቆ ያዘው። ሥራው በዚያ በኩል ለረጅም ጊዜ ቆመ፤ ለማለፍ ሌላ መንገድ መቆፈር ነበረበት። ጥር 2002 ዓ.ም. ጣቢያው ተመረቀ ሲባል፣ ብዙም ሳይቆይ የዋሻው አንድ ክፍል ተደረመሰና እንደገና ተጠገነ። መሬት የማይታመን መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስተምር ቦታ ያለ አይመስለኝም።

መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የታላቁ ህዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ ሲቀመጥ ኃላፊነቱ ለእሳቸው ተሰጠ። እዚህ ላይ አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የዋናው ግድብ አካል በአብዛኛው ፌሮ የለበትም። ፌሮው ያለው በኃይል ማመንጫ ቤቶቹ፣ በውሃ መግቢያዎቹና በማስተንፈሻዎቹ ላይ ነው። 1.8 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው ግንብ ውሃውን የሚያቆመው በገዛ ክብደቱ ነው። መሐንዲሶች አርሲሲ የሚሉት ይህ አርማታ ሲሚንቶው ጥቂት፣ ውሃውም ጥቂት ነው። እንደ መንገድ አፈር በዶዘር ይነጠፍና በሮለር ይጠቀጠቃል፤ አንዱ ድርብ ሲያልቅ ሌላው ይከተላል።

ጭንቀቱ ሙቀት ነው። ሲሚንቶ ሲጠነክር ይሞቃል። አሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር የሆነው የመካነ ሰላም ሶሌታ ሙቀቱን በአንድ ሌሊት ለደጋው ብርድ ያስረክባል። ግድብ ውስጥ ግን ሙቀቱ ለዓመታት ታፍኖ ይቆያል፤ ውጩ ቀዝቅዞ ውስጡ ከጋለ ስንጥቅ ይመጣል። የጉባ በረሃ ደግሞ በራሱ እሳት ነው። ሲሚንቶውን መቀነስ፣ ድብልቁን ማቀዝቀዝ፣ ድርብርቡን በሰዓቱ ማንጠፍ የዚህ ሁሉ መድኃኒት ነው። ታኅሣሥ 2007 ዓ.ም. በ24 ሰዓት ውስጥ ከ23 ሺህ ሜትር ኩብ በላይ ተሞልቶ ተቋራጩ ሳሊኒ የዓለም ክብረ ወሰን መሆኑን አስታወቀ። መቶ ካሬ ሜትር የሆነ የመኖሪያ ቤት ሶሌታ 15 ሜትር ኩብ ገደማ ይፈጃል ብንል፣ በአንድ ቀን ከ1,500 በላይ ሶሌታ እንደ መሙላት ነው።

ከዚያ በፊት ወንዙን ማዞር ነበረ፤ ግንቦት 20 ቀን 2005 ዓ.ም. ዓባይ ከቦይው ወጥቶ በሌላ አለፈ። ገንዘቡ የሕዝብ መሆኑም ሌላው ሸክም ነው። መምህሩ የወር ደመወዙን ሰጥቷል፤ ገበሬውና የቤት እመቤቷ ቦንድ ገዝተዋል። ሥራው በመጀመሪያ ከተባለው ጊዜ እጅግ ሲዘገይ፣ በተለይ የተርባይንና የብረታ ብረቱ ነገር ሲጓተት፣ ጥያቄው የሚያርፈው ሕዝቡ ፊቱን በሚያውቀው ሰው ላይ ነበር። የልጆች አባት ናቸው፤ ግን እነዚያን ዓመታት በብዛት ያሳለፉት ጉባ ካምፕ ውስጥ ነው። እንዲህ ያለውን ዋጋ ቤተሰብ ይከፍለዋል፤ በሪፖርት ላይ ግን አይጻፍም።

ሐምሌ 19 ቀን 2010 ዓ.ም. ጠዋት መስቀል አደባባይ፣ በመኪናቸው ውስጥ በጥይት ተመትተው ሞተው ተገኙ። 53 ዓመታቸው ነበር። ፖሊስ ከወር በላይ መርምሮ ራሳቸውን እንዳጠፉ አስታወቀ፤ ብዙ ሰው ግን ሊቀበለው ተቸገረ። ሐምሌ 22 በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ሲቀበሩ አዲስ አበባ ለአንድ መሐንዲስ እንዲያ ስታለቅስ ከዚያ በፊት አላየሁም።

ሥራው ወደ ኢንጂነር ክፍሌ ሆሮ ተላለፈ። በ2012 ክረምት ውሃው መያዝ ጀመረ፤ የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. የመጀመሪያው ተርባይን ዞረ፤ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ግድቡ ተመረቀ፤ አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ያኔ መካነ ሰላም ላይ ክረምቱ ሊወጣ ነው፤ ቤት ሠሪዎች ዝናቡ እስኪያባራ ፌሮ እያሳሰሩ ነበር። ከቦረናና ከሳይንት ተራሮች የወረደው ድፍርስ ውሃም በሽሎንና ወለቃን ሞልቶ ዓባይ ገባ፤ ጉባ ደርሶ ቆመ፤ የተሸከመውን አፈር አራግፎ በተርባይኖቹ በኩል አለፈ።