ዋሴም አሠሪዬም አንድ ሰው ነበር

ዛሬ የማጫውታችሁ የራሴን ጉድ ነው። ስሜ ይቆየን፤ የወረታ ልጅ መሆኔን ግን አልደብቅም። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስትሄዱ፣ መንገዱ ወደ ደብረ ታቦር የሚገነጠልባት፣ ሩዝ በጆንያ ተከምሮ የምታዩባት ከተማ... አዎ፣ እሷው ናት!

ሰሞኑን የጎረቤታችን ልጅ ፊቷ በርቶ መጣች። "እትዬ፣ ደላላው ፍሪ ቪዛ አገኘልኝ! ሳዑዲ ገብቼ የፈለግሁበት ቤት እሠራለሁ፤ ማንም አያዘኝም" አለችኝ።

"ፓስፖርትሽ የት አለ?" አልኳት።

"እሱ ጋ ነው።"

ቁጭ በይ ብዬ ቡና አፈላሁና ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኳት። ለእናንተም ልድገመው።

"የማን ልጅ ነሽ?"

እኛ ከተማ የሩዝ መፈልፈያ ቤት ለቀማ ልትገቡ ስትሉ ባለቤቱ የሚጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው፦ "የማን ልጅ ነሽ?" የእከሌ ልጅ ነኝ ካላችሁ አለቀ። ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ሲሆን ጠበቅ ይላል። መታወቂያ አምጪ፣ ዋስ አምጪ ይባላል። ዋሱ ግን ሌላ ሰው ነው። አሠሪሽ ቢበድልሽ "ኧረ ተው ጌታዬ" ብሎ ሊሸመግልልሽ ይችላል።

እኔ በሄድኩበት አገር አሠሪው "ካፊል" ይባላል። ቃሉ በዐረብኛ ዋስ ማለት ነው። ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ የሚወጣው በሱ ስም ሥር ነው። እስቲ አስቡት፤ ዋሱም አሠሪውም አንድ ሰው! ስትጣሉ ለማን አቤት ይባላል?

ሪያድ የገባሁት በ2003 ዓ.ም. በኤጀንሲ በኩል ነው። ልብ በሉ፣ ሕጋዊ ነበርኩ! አሠሪዬ ገና በመጀመሪያው ቀን ፓስፖርቴን ተቀብሎ ቆለፈበት። ሰባት ወር ሠርቼ የሦስቱን ብቻ ከፈለኝ። የቀረውን ስጠይቅ "ቡክራ" ይላል፤ ነገ ማለቱ ነው። ያ ነገ ግን አይነጋም። አንድ ቀን ቆሻሻ ልጥል ወጣሁና በዚያው ቀረሁ።

ከክፉ ቤት የወጣሁ ነው የመሰለኝ። ለካስ ከሕግም ወጥቻለሁ! እሱ "ጠፍታለች" ብሎ አስመዘገበኝ፤ "ሁሩብ" ይሉታል። የአራት ወር ደመወዝ የበላው እሱ፣ የምትታደነው እኔ።

መንፉሃ በሚባለው ሰፈር ከአገሬ ልጆች ጋር ተጠግቼ በተመላላሽነት መሥራት ጀመርኩ። ክፍያው ከበፊቱ ይሻላል። እመቤቲቱም ደግ ነበረች። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ወረቀት ጠይቃኝ አታውቅም።

"ኢቃማሽን አሳዪኝ"

በ2005 ዓ.ም. የሳዑዲ መንግሥት የሥራ ሕጉን አሻሻለ። ከካፊሉ ውጭ የሚሠራውም የሚያሠራውም እንደሚቀጣ ተነገረ። ወረቀቱን የሚያስተካክል እንዲያስተካክል፣ የሚወጣም እንዲወጣ የምሕረት ጊዜ ተሰጠ። እንዳላስተካክል ፓስፖርቴ ያ ሰውዬ ጋ ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! ከኤምባሲ ሊሴ ፓሴ አውጥቼ መመለስ ግን እችል ነበር። "ትንሽ ልጠራቅም" እያልኩ አዘገየሁት። ይህኛው የራሴ ጥፋት ነው።

ምሕረቱ በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ሊያበቃ ሳምንት ሲቀረው ያቺ ደግ እመቤት በር ላይ ቆማ "ኢቃማሽን አሳዪኝ" አለችኝ። ልጆቿን ሁለት ዓመት ሳጥብ ያልጠየቀችኝን! እንደሌለኝ ታውቃለች። "ባሌ ይቀጣብኛል፣ ከእንግዲህ አትምጪ" ብላ ሒሳቤን ሰጥታ በሩን ዘጋችው።

ከዚያ ፍተሻው ተጀመረ። ሱቁ ተዘጋ፣ መንገዱ ጭር አለ። መንፉሃ ግጭት ተነሥቶ የአገሬ ልጆች ሕይወት አለፈ። እኔ እጄን ሰጠሁ። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ፤ አንድ ፌስታል ልብስ ይዤ ቦሌ የወረድኩት እኔም ከነሱ አንዷ ነኝ። ወረታ ስደርስ ሜዳው ላይ ሩዝ ይታጨዳል። እናቴ "ጤናሽን ይዘሽ መጣሽ፣ ይበቃል" አለችኝ። ታናሽ ወንድሜ ግን ሻንጣ ፍለጋ ከኋላዬ ያይ ነበር።

በሳምንቱ ሩዝ ለቀማ ገባሁ። ባለቤቱ "የማን ልጅ ነሽ?" ሲለኝ እንባዬ መጣ።

ታዲያ አንሂድ ወይ?

አትሂዱ አልልም። የቤቱን ችግር የሚያውቀው ባለቤቱ ነው። ግን "ያ ድሮ ቀረ" እንዳትሉኝ። ሳዑዲ በ2013 ዓ.ም. ሠራተኞች አሠሪ መቀየር እንዲችሉ ሕጓን ስታላላ የቤት ሠራተኞችን አላካተተችም። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ከ100 ሺህ በላይ ወገኖቻችንን ለመመለስ ስምምነት ተደርጓል።

አንደኛ፣ ፍሪ ቪዛ ብሎ ነገር የለም። ቪዛው ላይ የአንድ ሰው ስም አለ። ሌላ ቤት ስትሠሪ ከተገኘሽ ሕገወጥ ነሽ። ስለዚህ "የማን ስም ነው ያለበት? የምሠራውስ እሱ ቤት ነው?" ብለሽ ጠይቂ።

ሁለተኛ፣ በ2008 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 923 የቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ እንዲሁም የመድን ወጪ በአሠሪው ላይ የሚወድቅ መሆኑን ደንግጓል። "ለቪዛ ይህን ያህል አምጪ" የሚልሽን ሰው በዚያው እወቂው። ኤጀንሲው ፈቃድ ያለው መሆኑንም ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር አጣሪ።

ሦስተኛ፣ ውልሽን፣ ፓስፖርትሽንና ኢቃማሽን በስልክ አንሥተሽ ለቤተሰብ ላኪ። ደመወዝ ሲቀርብሽ ከቤቱ ሳትወጪ ለኤጀንሲውና ለኤምባሲው አሳውቂ፤ ከወጣሽ በኋላ "ጠፋች" የሚለው የሱ ቃል ይቀድምሻል። ዱላ ከመጣ ግን ነፍስ ይቀድማል፤ ውጪና በቀጥታ ወደ ኤምባሲ ሂጂ።

የጎረቤቴ ልጅ ይህን ሰምታ ዝም አለች። በማግስቱ ደላላውን ቪዛው ላይ ያለው ስም የማን እንደሆነ ጠየቀችው። "አንቺ ምን አገባሽ!" አላት። ነገ ጧት ፓስፖርቷን ልንቀበለው አብረን እንሄዳለን።

ቸር ይግጠመን!