ስክሪኑ ለምን ጠቆረ?

አንባቢ ሆይ፤ ዝቋላ ወይም ሰቆጣ ተቀምጠው የዋግን ተራሮች በሥዕል የሚያሳይ ፕሮግራም በፓይተን ቋንቋ፣ ፓይጌም በተባለው የሥዕል መሣሪያ ጻፉ እንበል። ሲያስነሡት ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቀረ። «ሞተብኝ» ብለው ኮምፒውተሩን በድንገት አያጥፉ፤ ያላስቀመጡት ድካም ሁሉ ይጠፋልና።

ልብስ ሰፊ ሳይለካ አይቆርጥም። እርስዎም በ«ሴት ሞድ» መጠን ከማዘዝዎ በፊት ፓይጌምን በ«ኢኒት» ያስነሡ፤ ቀጥሎም ስክሪኑ የሚችለውን መጠን በ«ሊስት ሞድስ» ይጠይቁ። «ፉልስክሪን» የሚለውን ለጊዜው ትተው 640 በ480 በሆነ ትንሽ መስኮት ይጀምሩ፤ ቢሳሳቱ መውጫ በር አለዎት። ሥዕሉ አሁንም ካልታየ «ፍሊፕ» ወይም «አፕዴት» የሚለውን ትእዛዝ ዘንግተው እንደ ሆነ ይመርምሩ፤ ያለ እርሱ የተሣለው ሁሉ ተሰውሮ ይቀራል። ተራራው ከተገለጠ በኋላ መስኮቱን ያስፉ።