የሕክምና መሣሪያን ሶፍትዌር ከማዕከላዊ የመረጃ ቋት ነጥሎ ስለ መፈተሽ

መግቢያ

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚያልፈው መንገድ ግራና ቀኝ የሚገኙ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች፣ እንደ ሌሎቹ የአገሪቱ የጤና ተቋማት ሁሉ፣ በሶፍትዌር በሚታዘዙ መሣሪያዎች መገልገላቸው እየጨመረ መጥቷል። የክትባት ማቀዝቀዣ የሙቀት መመዝገቢያ፣ የኦክስጅን ማምረቻ፣ በደም ሥር ፈሳሽ የሚሰጥ ፓምፕና የላቦራቶሪ መመርመሪያ ለዚህ ምሳሌ ናቸው። ከነዚህ መሣሪያዎች አንዳንዶቹ መረጃቸውን በኔትወርክ ወደ ማዕከላዊ የመረጃ ቋት እንዲልኩ ሆነው የተሠሩ ናቸው። ይሁን እንጂ መብራትም ሆነ ኔትወርክ የማይቋረጥበት ወረዳ የለም። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሳይመለስ መቆየቱ የቅርብ ጊዜ ትዝታ ነው።

ለሞጣ አካባቢ ነዋሪ የግንኙነት መቋረጥ እንግዳ ነገር አይደለም። በዓባይ ላይ በ17ኛው ምዕተ ዓመት የተሠራውና በጣሊያን ወረራ ዘመን መካከሉ የፈረሰው ሰባራ ድልድይ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ሰው በገመድ እየተሳበ የሚሻገርበት ነበር። ድልድዩ ተሰብሮ ሳለም በሁለቱም ዳር ያለው ሕዝብ ያርሳል፣ ይነግዳል፣ ይኖራል። ከሕክምና መሣሪያም የሚጠበቀው ይኸው ነው፤ ከማዕከሉ ጋር ያለው ግንኙነት ቢቋረጥ ሥራውን ሳያጓድል መቀጠል አለበት። ይህ መሆኑ የሚረጋገጠው ግን በተስፋ ሳይሆን በፍተሻ ነው። ይህ ጽሑፍ የመሣሪያ ሶፍትዌር ያለ ማዕከላዊ የመረጃ ቋት ተነጥሎ እንዴት እንደሚፈተሽና የጤና ባለሙያው በዚህ ረገድ ያለውን ድርሻ ያብራራል።

በክስተት የሚመራ ሶፍትዌር ምንድን ነው?

የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር የሚያሰላ ፕሮግራም ከመጀመሪያው መሥመር እስከ መጨረሻው በተርታ ሠርቶ ያቆማል። የመሣሪያ ሶፍትዌር ጠባይ ግን ከዚህ የተለየ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚጠብቅ ሲሆን፣ የሚንቀሳቀሰው አንድ ክስተት ሲደርስበት ነው። የሙቀት መጠን ከወሰን ማለፍ፣ የአንድ ቁልፍ መነካት፣ የመብራት መጥፋት፣ የተቀጠረ ሰዓት መሙላት እያንዳንዳቸው ክስተቶች ናቸው።

መሣሪያው ለአንድ ክስተት የሚሰጠው ምላሽ ክስተቱ በደረሰበት ጊዜ በነበረበት ሁኔታ ይወሰናል። «ጀምር» የሚለው ቁልፍ ፓምፑ ዝግጁ በሆነበት ጊዜ ሲነካ ፈሳሽ ያስወርዳል፤ በመስመሩ ውስጥ አየር መኖሩ ታውቆ ደወል በሚጮኽበት ጊዜ ሲነካ ግን ምንም ማድረግ የለበትም። ስለዚህ እንዲህ ያለው ሶፍትዌር ትክክለኛነቱ የሚለካው በሦስት ነገሮች ዝምድና ነው፤ እነርሱም ክስተት፣ ሁኔታና ምላሽ ናቸው። ስሕተት የሚደበቀውም አብዛኛውን ጊዜ በአንዱ ክስተት ብቻ ሳይሆን ሁለት ክስተቶች ባልተጠበቀ ቅደም ተከተል ወይም ፍጥነት ሲደርሱ ነው።

የቴራክ-25 ትምህርት

ይህን ጉዳይ ከማንኛውም በላይ ግልጽ ያደረገው ቴራክ-25 የተባለው የጨረር ሕክምና መሣሪያ ታሪክ ነው። በካናዳ የተሠራው ይህ መሣሪያ እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1987 ባለው ጊዜ በሰሜን አሜሪካ በስድስት ታካሚዎች ላይ ከታዘዘው እጅግ የበዛ ጨረር ለቀቀ። ከነርሱም መካከል በዚሁ ምክንያት ሕይወታቸው ያለፈ ይገኙበታል።

በቴክሳስ ክፍለ ግዛት በታይለር ከተማ በ1986 የደረሱት ሁለት አደጋዎች መንሥኤ የጽሕፈት ፍጥነት ነበር። የመሣሪያው ኦፕሬተር የሕክምናውን ዓይነት በስሕተት አስገብታ፣ ወዲያው ተመልሳ ታርማለች። መሣሪያው ማግኔቶቹን ለማስተካከል ስምንት ሴኮንድ ያህል ይፈጅበት ነበር። እርማቱ በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ተሠርቶ ካለቀ ሶፍትዌሩ ሳያየው ያልፍ ነበር። በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት በያኪማ ከተማ በጥር 1987 የደረሰው አደጋ ደግሞ ከአንድ ቆጣሪ የመነጨ ነው። ቆጣሪው ከ255 በላይ መያዝ ስለማይችል በየ256ኛው ዙር ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ ዜሮ ደግሞ «መፈተሽ አያስፈልግም» የሚል ትርጉም ተሰጥቶት ነበር። ኦፕሬተሩ ቁልፉን በዚያች ቅጽበት ከነካው መሣሪያው አቀማመጡን ሳያረጋግጥ ጨረር ይለቃል።

ናንሲ ሌቭሰንና ክላርክ ተርነር እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት ጥናት እንደ ተገለጸው፣ ሶፍትዌሩ ለብቻው የተፈተሸው በጥቂቱ ሲሆን አብዛኛው ፍተሻ የተካሄደው መሣሪያው በሙሉ ከተገጣጠመ በኋላ ነበር። ተገጣጥሞ በቆመ መሣሪያ ላይ ደግሞ በስምንት ሴኮንድ ውስጥ የሚደረግን እርማት ወይም 256ኛውን ዙር ሆን ብሎ መፍጠር አስቸጋሪ ነው። ለቀድሞው ሞዴል ለቴራክ-20 በተጻፈው ሶፍትዌር ውስጥም ተመሳሳይ ስሕተት ነበር። ሆኖም ያ መሣሪያ ከሶፍትዌሩ ነጻ የሆነ የኤሌክትሪክ መከላከያ ስለ ነበረው ፊውዝ ከመቃጠል በቀር በሰው ላይ ጉዳት አልደረሰም።

ለጤና ባለሙያ ልዩ ትርጉም ያለው የታሪኩ ክፍል ይህ ነው፤ የታይለሩን ስሕተት ምንጭ ያገኙት የሆስፒታሉ የፊዚክስ ባለሙያና ኦፕሬተሯ ናቸው። ታካሚ በሌለበት፣ አደጋው በደረሰበት ፍጥነት ደጋግመው በመጻፍ ችግሩን በፈቃዳቸው መፍጠር ቻሉ።

ነጥሎ መፈተሽ ማለት ምን ማለት ነው?

ነጥሎ መፈተሽ የሶፍትዌሩን የውሳኔ ክፍል በዙሪያው ካሉት ነገሮች ሁሉ መለየት ማለት ነው። የውሳኔው ክፍል ከውጭው ዓለም ጋር የሚገናኘው በጥቂት በሮች ነው። ሙቀትን ወይም ግፊትን በአንዱ ይቀበላል፤ ሰዓትን በሌላው ያነባል፤ መዝገብን በሦስተኛው ይልካል። በፍተሻ ጊዜ በእያንዳንዱ በር ላይ እውነተኛው ነገር ተነሥቶ ምትክ ይቆማል። እውነተኛ የሙቀት መለኪያ በነበረበት ፈታሹ የወደደውን ቁጥር የሚሰጥ ምትክ፣ እውነተኛ ሰዓት በነበረበት እንደ ልብ የሚፋጠን ምትክ ሰዓት፣ የመረጃ ቋት በነበረበትም የተላከለትን የሚቀበል፣ የሚከለክል፣ የሚያዘገይ ወይም ጨርሶ ዝም የሚል ምትክ ይተካል።

የዚህ ጥቅም አራት ነው። አንደኛ፣ ፍተሻው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ውጤት ይሰጣል፤ ዛሬ ያለፈው ነገ ቢወድቅ ምክንያቱ የኔትወርክ መዘግየት ሳይሆን የሶፍትዌሩ ለውጥ መሆኑ ይታወቃል። ሁለተኛ፣ የፍተሻ መረጃ ከእውነተኛ ታካሚዎች መረጃ ጋር አይደባለቅም። ሦስተኛ፣ አልፎ አልፎ ብቻ የሚደርሱ ክስተቶችን በፈቃድ መፍጠር ይቻላል። አራተኛውና ለገጠር የጤና ተቋም ከሁሉ የሚበልጠው፣ መሣሪያው ያለ ማዕከሉ ምን እንደሚያደርግ በግልጽ ያሳያል። በአምራቹ ቤተ ሙከራ ውስጥ ቋቱ ሁልጊዜ ፈጥኖ ስለሚመልስ፣ ሶፍትዌሩ መልስ እስኪያገኝ ድረስ ቆሞ የሚጠብቅ መሆኑ ላይታወቅ ይችላል። በቢቸና ግን ያ መጠበቅ ሌሊቱን ሙሉ ሊሆን ይችላል።

ምሳሌ፦ የክትባት ማቀዝቀዣ የሙቀት መመዝገቢያ

የ30 ቀን የሙቀት መመዝገቢያ በብዙ የክትባት ማቀዝቀዣዎች ውስጥ ይቀመጣል። ክትባት የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ነው። በዓለም ጤና ድርጅት መመዘኛ መሠረት መመዝገቢያው ደወል የሚሰጠው ሙቀቱ ከ8 ዲግሪ በላይ ሆኖ ለ10 ሰዓት ያለማቋረጥ ሲቆይ፣ ወይም ከዜሮ በታች 0.5 ዲግሪና ከዚያም ዝቅ ብሎ ለ60 ደቂቃ ሲቆይ ነው። የዚህ ደንብ ትርጉም ለእናቶችና ለሕፃናት ጤና ሠራተኛ ግልጽ ነው። እንደ ፔንታቫለንት ያለ ክትባት አንዴ ከበረደና ከረጋ ኃይሉን ያጣል፤ በዓይን አይቶ መለየትም ሁልጊዜ አይቻልም። ደወሉ ባይጮኽ ሕፃኑ መርፌውን ይወጋል፣ ካርዱ ይሞላል፤ መከላከያው ግን አይኖርም።

ይህን ደንብ በእውነተኛ ማቀዝቀዣ ለመፈተሽ አንዱ ሙከራ ብቻ 10 ሰዓት ይፈጃል። በምትክ ሰዓት ግን በሴኮንዶች ይፈጸማል። ፈታሹ የሚከተሉትን ያቀርባል።

1ኛ. ሙቀቱ 9 ዲግሪ ሆኖ 9 ሰዓት ከ59 ደቂቃ ቆይቶ ወደ 7 ዲግሪ ይመለሳል። ደወል መኖር የለበትም፤ ቆጠራውም ከዜሮ መጀመር አለበት።

2ኛ. ሙቀቱ 9 ዲግሪ ሆኖ 10 ሰዓት ይሞላል። ደወል መኖር አለበት።

3ኛ. በ5ኛው ሰዓት ላይ ምትኩ ቋት ዝም ይላል። ደወሉ በ10ኛው ሰዓት ያለ መዘግየት መጮኽ አለበት። መልእክቱ እስኪላክ የሚጠብቅ ደወል ደወል አይባልም።

4ኛ. ምትኩ ቋት ከሦስት ቀን በኋላ ይመለሳል። የተጠራቀሙት መዝገቦች በቅደም ተከተላቸው፣ ሳይጎድሉና ሳይደገሙ መድረስ አለባቸው። ለዚህም እያንዳንዱ መዝገብ የራሱ መለያ ቁጥር ሊኖረው ይገባል።

5ኛ. ቆጠራው እየሄደ ሳለ የመሣሪያው ሰዓት በስድስት ሰዓት ይለወጣል። ደወሉ ግን በትክክለኛው 10ኛ ሰዓት መጮኽ አለበት።

አምስተኛው ፍተሻ ለኢትዮጵያ በተለይ ያስፈልጋል። መሣሪያው ከምሽቱ 1 ሰዓትን 19፡00 ብሎ ይመዘግባል፤ ቀኑንም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ይይዛል። ይህን የተመለከተ ሠራተኛ ስሕተት መስሎት ሰዓቱን ወደ አገሩ አቆጣጠር ሊያዞረው ይችላል። ሶፍትዌሩ ያለፈውን ጊዜ የሚያሰላው ከግድግዳ ሰዓት ከሆነ፣ ሰዓቱ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ሲመለስ 10 ሰዓት የነበረው 16 ሰዓት ይሆናል። ክትባቱ ያለ ማስጠንቀቂያ ይበላሻል። ስለዚህ ጥሩ ሶፍትዌር የሚቆይበትን ጊዜ የሚለካው ማንም ሊያዞረው በማይችል የውስጥ ቆጣሪ ነው።

የነጥሎ ፍተሻ ወሰን

ምትክ ምንጊዜም ምትክ ነው። የሙቀት መለኪያው ሽቦ መላላቱን፣ የባትሪው መድከምን፣ የደወሉ ድምፅ በሌላ ክፍል ላለ ተረኛ የማይሰማ መሆኑን ነጥሎ ፍተሻ አያሳይም። ስለሆነም ተነጥሎ ያለፈው ሶፍትዌር ከመሣሪያው ጋር፣ መሣሪያውም ከኔትወርኩ ጋር ተገጣጥሞ እንደገና መፈተሽ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ዓለም አቀፍ የሕክምና ሶፍትዌር መመዘኛ፣ አይኢሲ 62304፣ ሶፍትዌሩ በሰው ላይ ሊያደርስ በሚችለው ጉዳት መጠን በሦስት ደረጃ እንዲመደብና ጉዳቱ ሲከብድ የየክፍሉ ፍተሻም እንዲጠብቅ ያዛል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ከ2005 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. በፈሳሽ መስጫ ፓምፖች ምክንያት ወደ 56,000 የሚሆኑ የጉዳት ሪፖርቶች እንደ ደረሱትና 87 ጊዜም ፓምፖች ከአገልግሎት እንዲሰበሰቡ ወይም እንዲታረሙ መደረጉን ገልጿል። ከታዩት የሶፍትዌር ጉድለቶች አንዱ አንድ ጊዜ የተነካን ቁልፍ ሁለት ጊዜ እንደ ተነካ መቁጠር ነበር። 10 ሊል የታሰበ መጠን 100 ሲሆን ውጤቱን መገመት አያዳግትም።

የጤና ባለሙያው ድርሻ

የሶፍትዌሩን ውስጥ መፈተሽ የአምራቹ ግዴታ ነው። ሆኖም መሣሪያው ወደ ተቋሙ ሲገባ፣ ሲጠገንና ሶፍትዌሩ ሲታደስ ባለሙያው ከባዮሜዲካል ባለሙያ ጋር ሆኖ የሚያደርገው ቀላል ፍተሻ አለ። ይህም ታካሚ ባልተያያዘበትና ክትባት ወደ ሌላ ማቀዝቀዣ ወይም ቀዝቃዛ ሣጥን ከተዛወረ በኋላ መፈጸም ይኖርበታል።

የኔትወርኩ ገመድ ይነቀላል፤ ወይም ሲም ካርዱ ይወጣል። ከዚያም ደወል የሚያስነሣ ሁኔታ ሆን ተብሎ ይፈጠራል፤ ደወሉ በወቅቱ መጮኹና በተረኛው ክፍል መሰማቱ ይታያል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ መሣሪያው የተሰጠውን ትእዛዝና መዝገብ መያዙ ይረጋገጣል። ፓምፕ ከሆነ በመለኪያ ብርጭቆ ውስጥ ውኃ እያፈሰሰ የታዘዘው መጠን ከወጣው ጋር ይነጻጸራል፤ ቁልፎቹም በፍጥነትና በዝግታ ይሞከራሉ። በመጨረሻ ኔትወርኩ ተመልሶ፣ በመሣሪያው ውስጥ ያሉት መዝገቦች ቁጥርና ወደ ማዕከል የደረሱት ቁጥር እኩል መሆኑ ይታያል። ውጤቱ ከቀኑና ከፈታሹ ስም ጋር በመሣሪያው መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ጉድለት ከተገኘ መሣሪያው ከአገልግሎት ይለያል፤ ለአምራቹ ወኪልና ለሚመለከተው ተቆጣጣሪ አካልም ይገለጻል።

ማጠቃለያ

ማዕከላዊ የመረጃ ቋት ለዕቅድ፣ ለክትትልና ለጥናት ትልቅ አገልግሎት ይሰጣል። የታካሚው ደኅንነት ግን በሩቅ ባለ ኮምፒውተር መልስ ላይ ሊንጠለጠል አይገባም። መሣሪያው በአልጋው አጠገብ ብቻውን ቆሞ መወሰን፣ መጮኽና መመዝገብ መቻሉ አስቀድሞ መረጋገጥ አለበት። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንደሚባለው ሁሉ፣ ከማገልገል መፈተሽ ይቅደም። አዲስ መሣሪያ በሞጣም ይሁን በቢቸና በር ላይ ሲደርስ ተረካቢው ባለሙያ በቅድሚያ ሊያቀርበው የሚገባው ጥያቄ አጭር ነው፤ ገመዱ ሲነቀል ይህ መሣሪያ ምን ያደርጋል?