«2001» ለሁለተኛ ጊዜ ሲታይ

የስታንሊ ኩብሪክ «2001፡ ኤ ስፔስ ኦዲሲ» እ.ኤ.አ. በ1968 ለሕዝብ ሲቀርብ ከተመልካቾች መካከል አዳራሹን ለቅቀው የወጡ ነበሩ። የ«ኒውስዴይ» ጋዜጣ ሐያሲ ጆሴፍ ጌልሚስ ክፉኛ ነቀፈው፤ ወዲያው ግን ደግሞ ተመለከተውና የቀድሞ ፍርዱን የሚሽር ሌላ ሂስ ጻፈ። ለመሆኑ አንድ ፊልም በሁለተኛው ዕይታ ሌላ መስሎ የሚታየው ስለ ምንድን ነው?

ወደ ጁፒተር ስለሚደረግ ጉዞ የሚተርከው ይህ ፊልም ብዙዎችን የሚያሰለቸው በዝግታውና በጸጥታው ነው። ጥቂት ፊዚክስ የቀመሰ ተመልካች ግን ጸጥታውን በሌላ ጆሮ ይሰማዋል። ድምፅ ለመጓዝ አስተላላፊ ቁስ ይሻል፤ ጠፈር ደግሞ አየር አልባ ነው። ስለሆነም ከመርከቡ ውጪ የምንሰማው ሙዚቃ፣ የጠፈርተኛው ትንፋሽ ወይም ፍጹም ዝምታ ብቻ ነው። ጠፈርተኛው ቦውማን ያለ ራስ ቁር ወደ መርከቡ ሲወረወርም ክፍሉ አየር እስኪሞላ ድረስ አንዳች ድምፅ የለም። ይህ ትዕይንት ከእውነት የራቀ አይደለም፤ በ1966 በናሳ የሙከራ ክፍል ውስጥ የጂም ለብላንክ የጠፈር ልብስ አየሩን ባጣ ጊዜ ሰውየው ራሱን የሳተው ከ14 ሰከንድ ገደማ በኋላ ነበር፤ በሕይወትም ተርፏል። (ቦውማን ትንፋሹን አምቆ መዝለሉ ግን ስሕተት ነው፤ የታመቀ አየር ሳንባን ይቀድዳል።)

የሚሽከረከረው የመርከቡ ክፍልም እርሳስና ወረቀት ያስይዛል። ሬዲየሱ 6 ሜትር ቢሆን የምድርን ስበት ለመተካት በደቂቃ 12 ጊዜ ያህል መዞር አለበት። ለጨረቃ ስበት 5 ዙር ይበቃል።

ከሁሉ ይልቅ መልኩን የሚለውጠው ግን ሃል 9000 የተባለው ኮምፒዩተር ነው። በመጀመሪያው ዕይታ ያበደ ነፍሰ ገዳይ መሣሪያ ይመስላል። የጉዞው እውነተኛ ዓላማ ከቦውማንና ከባልደረባው ተሰውሮ፣ በመርከቡ ላይ ለሃል ብቻ የታወቀ እንደነበረ የምንሰማው ሥራው ከተቋረጠ በኋላ ነው። ይህን እያወቁ ፊልሙን እንደገና ሲያዩ ትኩረት የሚስበው ግድያው ሳይሆን ቀደም ሲል በዋዛ ያለፈ አንድ ጭውውት ነው። ሃል ስለ ጉዞው እንግዳ ነገሮች ምን እንደሚሰማው ቦውማንን በለስላሳ ድምፅ ይጠይቀዋል። ምስጢር እንዲጠብቅ የታዘዘው አካል ራሱ ምስጢሩን ዙሪያውን እየነካካ ነው። ማሽኖች ከሰው ጋር በሚነጋገሩበት በዛሬው ዘመን «ማሽኑ ለምን አበደ?» ከማለት ይልቅ «ያዘዙት ሰዎች ምን ብለው አዘዙት?» ማለት ይቀድማል። ያ ጭውውት ገና ሳያበቃ ነው ሃል ደህና የነበረውን የአንቴና መቆጣጠሪያ «ሊበላሽ ነው» ብሎ የሚዘግበው።