ቡቺን ፍለጋ፤ የጠፋ ውሻና ሳይንስ

ለመሆኑ የጠፋ ውሻ ለመፈለግ ሳይንስ ያስፈልጋልን? እኛም እስከ አንድ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ድረስ ይህን ጥያቄ በፈገግታ እናልፈው ነበር። በዚያች ሌሊት በአዲስ አበባ ሰማይ ላይ ርችት ሲፈነዳ የጎረቤታችን ውሻ ቡቺ ገመዱን በጥሶ ወጣ። ሊይዘው የሞከረውን የሰባት ዓመት ሕፃን እጁን ነክሶ በጨለማው ውስጥ ተሰወረ። በማግሥቱ የሕፃኑ እናት ከጤና ጣቢያ የተመለሱት መልስ ያጡለትን አንድ ጥያቄ ይዘው ነበር፦ «ውሻው የት አለ?»

ጥያቄው ለምን ተጠየቀ?

የእብድ ውሻ በሽታን የሚያስከትለው ቫይረስ ከውሻው ለሃጭ ወደ ቁስሉ ይገባና የነርቭ መሥመርን ተከትሎ ወደ አንጎል ያመራል። የበሽታው ምልክት አንዴ ከታየ በሕይወት መትረፍ እጅግ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነው። ነገር ግን ቫይረሱ አንጎል ከመድረሱ በፊት በክትባት ሊገታ ይችላል። ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 ጆሴፍ ማይስተር ለተባለ የ9 ዓመት ልጅ የሰጠው ሕክምና የዚህ መንገድ መጀመሪያ ነበር።

ቫይረሱ በውሻ ለሃጭ ውስጥ መታየት የሚጀምረው ውሻው ራሱ ከመታመሙ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ነው። በመሆኑም የነከሰ ውሻ ከነከሰበት ዕለት ጀምሮ 10 ቀን በጤና ከቆየ፣ በነከሰበት ሰዓት በሽታውን አያስተላልፍም ነበር ማለት ነው። ይሁንና ሕክምናው የውሻውን መገኘት አይጠብቅም። ቁስሉ ወዲያውኑ በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይታጠባል፤ ክትባቱም ይጀመራል። የሕፃኑም ተጀመረ። ቡቺ ካልተገኘ ግን መርፌው እስከ መጨረሻው ይቀጥላል፤ የእናቲቱም ሥጋት እንዲሁ። ፍለጋ የወጣነው ስለዚህ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ስሕተት

በመጀመሪያው ቀን ስምንት ሆነን ስሙን እየጮኽን ሰፈሩን አዳረስነው፤ አላገኘነውም። ቆይተን ስናስበው ያደረግነው ሁሉ ተቃራኒውን ነበር። የሰው ጆሮ የሚሰማው እስከ 20,000 ኸርዝ ሲሆን የውሻ ጆሮ እስከ 45,000 ኸርዝ ገደማ ይደርሳል። ለእኛ የበዓል ድምቀት የሆነው ርችት ለውሻ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ አደጋ ነው። የደነገጠ ውሻ ይሮጣል፣ ከዚያም ይደበቃል፤ የጌታውን ድምፅ ሰምቶ እንኳ ላይወጣ ይችላል። በጩኸት የሸሸውን በጩኸት ልንመልሰው ነበር።

«ራሱ መንገዱን ያውቃል» ያሉንም ነበሩ። እውነት ነው፤ ቦቢ የተባለው ውሻ እ.ኤ.አ. በ1923 በአሜሪካ ኢንዲያና ጠፍቶ፣ ከስድስት ወር በኋላ ኦሪገን ወደሚገኘው ቤቱ 4,000 ኪሎ ሜትር ያህል አቋርጦ እንደተመለሰ ይነገራል። የቼክ ተመራማሪዎችም እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ጥናት 27 የአደን ውሾችን የጂፒኤስ መሣሪያ አስረው ጫካ ውስጥ ተከታትለዋቸዋል። ከፊሎቹ የመጡበትን ዱካ ተከትለው ተመለሱ። በአዲስ መንገድ ከተመለሱት ብዙዎቹ ግን በመጀመሪያ 20 ሜትር ያህል በሰሜን-ደቡብ መሥመር ሮጠው ነበር። ተመራማሪዎቹ ይህን ከመሬት መግነጢሳዊ መስክ ጋር አያይዘው ገምተዋል። ያም ሆኖ ዝናው የሚወራለት የተመለሰው ውሻ ብቻ ነው፤ ያልተመለሱትን የሚቆጥር የለም። ስለዚህ በአንድ ቦቢ ተማምነን እጃችንን አጣጥፈን መቀመጥ አልፈለግንም።

ተስፋ የሰጠን ሌላ ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት 1,015 ቤተሰቦች ተጠይቀው ነበር። ከጠፉባቸው ውሾች 93 በመቶው ተገኝተዋል፤ ከተገኙትም ግማሽ ያህሉ በሰፈር ውስጥ በተደረገ ፍለጋ ነው። የእኛ ሰፈር የአሜሪካ ሰፈር አይደለም። ቢሆንም ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ በቅርብ ፈልግ፣ ተስፋ አትቁረጥ።

ካርታውና የሌሊት ዘበኞቹ

በሁለተኛው ቀን ዘዴያችንን ለወጥን። ሌሊት የሚነቁት ዘበኞች ናቸውና እነርሱን አንድ በአንድ ጠየቅን። ቡቺን ያዩበትን ቦታና ሰዓት በእጅ በሣልነው ካርታ ላይ ምልክት አደረግን። በሦስተኛው ቀን ማታ ምልክቶቹ በአንድ ጅምር ሕንፃ ዙሪያ ተሰብስበው ታዩን።

በአራተኛው ቀን ጎሕ ሲቀድ፣ መንገዱ ጸጥ ባለበት ሰዓት፣ የውሻው ባለቤት የሆኑት አዛውንት ብቻቸውን ወደ ሕንፃው ምድር ቤት ገቡ። እኛ ከሩቅ ቆምን። አልተጣሩም፣ አልቀረቡትምም። ቡቺ የሚተኛበትን አሮጌ ጋቢ አነጠፉ፣ ፊታቸውን መለስ አድርገው ተቀመጡ፣ ጥቂት ፍርፋሪም ጣሉ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቡቺ ሆዱን መሬት እያስነካ መጣ። «ና ልጄ» ሲሉት ብቻ ሰማን።

ቡቺ በእንስሳት ሐኪም ክትትል ታስሮ ቆየ። በአሥረኛው ቀን ይበላል፣ ይጠጣል፣ ጅራቱንም ይቆላል። ሐኪሙ ይህን አረጋግጦ የሕፃኑ ቀሪ መርፌ እንዲቆም አደረገ።

ውድ አንባቢያን፣ ከዚህ ምን እንማራለን? ውሻዎን በወቅቱ ያስከትቡ፤ የክትባቱንም ወረቀት ያስቀምጡ። የቡቺ ወረቀት ሳይጠፋ ቢገኝ ኖሮ ጭንቀቱ በቀነሰ ነበር። በአንገቱ ማሰሪያ ላይ የስልክ ቁጥርዎን ይጻፉ። ከቆዳ ሥር የሚቀበረው ማይክሮቺፕ ባትሪ የለውም፤ ማንነትን እንጂ ያለበትን ቦታ አይናገርም። በበዓል ዋዜማ ደግሞ ውሻዎን ቤት ውስጥ ያስገቡት። ከአራት ቀን ፍለጋ አንድ የተዘጋ በር ይሻላል።