ማስታወቂያ በቦታው ሲውል

ነገር በምሳሌ፥ ጠጅ በብርሌ ይባላል። አባቶቻችን ይህን ሲሉ ለእያንዳንዱ ነገር የሚስማማው ዕቃና ቦታ እንዳለው ማመልከታቸው ነው። ዛሬ በዚህ ዓምድ የምንመለከተው የድረ ገጽ ማስታወቂያም ከዚህ ሕግ አይወጣም።

ጎግል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2003 አድሴንስ የተሰኘውን አገልግሎት ሲከፍት አሳቡ ቀላል ነበር። ኮምፒዩተሩ ገጹን ያነባል፤ ስለ ምን እንደሚናገርም ይገምታል። ከዚያም ስለ ቡና ከተጻፈው አጠገብ የቡና መፍጫ፥ ስለ ጉዞ ከተጻፈው አጠገብ የአውሮፕላን ቲኬት ማስታወቂያ ያኖራል። በዚህ ዐይነቱ አሠራር ማስታወቂያው የሚመረጠው በገጹ ቃል ነው እንጂ የአንባቢውን ኑሮ በመሰለል አይደለም። ይህም የሚመሰገንበት ነው።

ሆኖም ቃልን መቁጠር አንድ ነገር ነው፤ ማስተዋል ግን ሌላ ነው። በዚያው በ2003 ኒውዮርክ ፖስት የተባለው ጋዜጣ በድረ ገጹ ላይ ስለ አንድ አሰቃቂ ግድያ ጻፈ። የሟቹ አካል ተቆራርጦ በሻንጣ ውስጥ ተደብቆ ነበር። ኮምፒዩተሩም «ሻንጣ» የሚለውን ቃል አይቶ ከወሬው አጠገብ የሻንጣ ሽያጭ ማስታወቂያ አቆመ። የሟች ዘመድ ይህን ቢያይ ምን ይሰማዋል? ጋዜጣውም፥ ነጋዴውም ክፉ ሳያስቡ በአንድ ቃል ምክንያት አፈሩ።

በእኛ ቋንቋ ደግሞ ችግሩ የባሰ ነው። «ዋና» የሚለውን ቃል አጥብቀን ስናነበው አለቃን፥ አላልተን ስናነበው በውሃ መዋኘትን ያመለክታል፤ በፊደል ግን አንድ ነው። ስለዚህ ስለ አንድ ዋና ጸሐፊ ሹመት ከተጻፈው ዜና አጠገብ የመዋኛ ልብስ ቢቀርብ አያስደንቅም። በሌላ በኩል «ዓለም» እና «አለም»፥ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ለእኛ አንድ ሲሆኑ ለኮምፒዩተር የተለያዩ ቃሎች ናቸው።

እንግዲህ መድኃኒቱ ምንድን ነው? ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ገጽ ስለ አንድ ጉዳይ ብቻ ይናገር፤ አርእስቱም ጉዳዩን በግልጽ ያስታውቅ። የፊደሉ አጻጻፍ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዐይነት ይሁን። ጽሑፉ በፎቶግራፍ ተነሥቶ ሳይሆን በፊደል ተጽፎ ይቅረብ፤ የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ ስለ ገባ ለዚህ ምክንያት የለንም። ገጹን ሊያነብ የሚመጣውን የማስታወቂያ ፕሮግራም በር ዘግቶ መመለስም አይገባም፤ ያላነበበውን ሊያውቅ አይችልምና።

ከዚህ ቀጥሎ የሰው ድርሻ ይመጣል። የድረ ገጹ ባለቤት የማይፈልጋቸውን የማስታወቂያ ዐይነቶች ለማገድ ሥልጣን አለው፤ ይጠቀምበት። ስለ ሞትና ስለ አደጋ በሚናገር ገጽ ላይ ማስታወቂያ ጨርሶ ባይኖር ይሻላል። ኮምፒዩተርን ለማታለል ብሎ አንዱን ቃል ሃያ ጊዜ መደጋገም፥ ወይም ወዳጆችን «ማስታወቂያውን ጫኑልኝ» ብሎ መለመን ግን ደንብ መጣስ ነው፤ ከአገልግሎቱም ያስባርራል።

ነገ የመሥሪያ ቤታችሁን ወይም የማኅበራችሁን ድረ ገጽ እንድታዘጋጁ የምትታዘዙ ወጣቶች ይህን ልብ በሉ። ማስታወቂያ የሚያስገባው ገንዘብ ጥቂት ሊሆን ይችላል፤ አንባቢ በገጻችሁ ላይ የጣለው እምነት ግን አንድ ጊዜ ከጠፋ በዚያ ገንዘብ ተመልሶ አይገዛም። ኮምፒዩተሩ ቃሉን ይቁጠር፤ ማስተዋሉ ግን የእኛ ሥራ ነው።